«ሰላም» ሲባል «ሳላሚ» ብሎ የሚጽፍ ስልክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምሠራ በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት አይፈቀድልኝም፤ በዚህ ምክንያት የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ቮይስሜይል ይተዋል፣ እኔም በእረፍቴ አይፎኔ ወደ ጽሑፍ ለውጦ ያስቀመጠልኝን አነባለሁ። ሁለት ነገር አስመርሮኛል። የመጀመሪያው በሲያትል የምትኖረው እናቴ የምትተውልኝ የአማርኛ መልእክት ነው። ባለፈው ሁዳዴ «ሰላም፣ ሰላም፣ ደኅና ነሽ ወይ» ብላ የጀመረችውን ስልኬ «ሳላሚ፣ ሳላሚ፣ ዴና» ብሎ ጽፎታል። በጾም የሥጋ ስም እየጠራች የማላውቃት ዴና የምትባል ሴት ታፈላልግ ይመስላል። ሁለተኛው ግን አያስቅም። ከአንድ ክሊኒክ ስለ ደም ምርመራ ተደውሎ የተተወልኝን መልእክት ሳነብ ከምርመራው በፊት መብላት እንደምችል ይላል፤ ቁርሴን በልቼ ሄድኩ፣ ነርሷም «ጾመሽ መምጣት ነበረብሽ» ብላ መለሰችኝ። ውጭ ወጥቼ ድምፁን ሳዳምጠው በእርግጥም መብላት እንደሌለብኝ ነው የተነገረኝ። የግማሽ ቀን ደመወዜ በዚያው ቀረ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለን? አማርኛን አድምጦ በአማርኛ የሚጽፍ ቮይስሜይልስ ይገኛልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእናትዎ መልእክት ስቀናል፤ በሁለተኛው ግን አልሳቅንም፣ ስለዚህ ከእርሱ እንጀምር። በእንግሊዝኛ «ትችያለሽ» የሚለው «ካን» እና «አትችዪም» የሚለው «ካንት» በጽሑፍ የሚለያዩት በመጨረሻዋ «ት» ነው፤ አሜሪካውያን ፈጠን ብለው ሲናገሩ ግን ይህችን «ት» ጉሮሯቸው ውስጥ ያስቀሯታል። የአገሬው ሰው ሁለቱን የሚለየው በ«ት»ዋ ብቻ ሳይሆን በአነጋገሩ ነው፤ «ካንት» ጫን ተብሎ ይነገራል፣ «ካን» ደግሞ በሚከተለው ግሥ ተውጦ ያልፋል። መስመሩ ሲደበዝዝ ይህ ልዩነት አብሮ ይጠፋና ማሽኑ ወደ መገመት ይገባል። በ«ፊፍቲን» እና በ«ፊፍቲ» መካከል የሚፈጠረውም ስሕተት የዚሁ ወንድም ነው፤ ለ10፡15 የተቀጠረ ሰው 10፡50 ላይ ተረጋግቶ ሲገባ የሚታየው በዚህ ሰበብ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የማሽኑ አይደለም። ተራው የስልክ መስመር የሰውን ድምፅ በሙሉ አያስተላልፍም፤ ከ300 እስከ 3,400 ኸርትዝ (ኸርትዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ባለው ክልል ውስጥ ያለውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ይቆርጠዋል። «ሰ» እና «ፈ» ን የመሳሰሉ ድምፆች አንዱ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ክፍል ስለሆነ፣ በስልክ ስማችንን ፊደል በፊደል ስንናገር «ኤስ እንደ ሳም፣ ኤፍ እንደ ፍራንክ» እያልን እንደክማለን። አዲሱ የጠራ የስልክ ድምፅ እስከ 7,000 ኸርትዝ ድረስ ይሄዳል፤ ይሁንና ደዋዩም፣ ተቀባዩም፣ በመካከል ያለው መረብም ካልተስማሙ ጥሪው ወደ ጠባቡ መስመር ይመለሳል። በዚህ ላይ ደዋዩ መኪና እየነዳ፣ በስፒከር፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚናገር መሆኑን ይጨምሩበት።

አይፎን የተተወ የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ልብ ብለው አይተው እንደሆነ፣ ያልሰማውን ቃል አንዳንድ ጊዜ በባዶ ሰረዝ ያልፈዋል። ብዙ ሰው በዚህ ሰረዝ ይናደዳል፤ እኔ ግን የምወደው የመሣሪያው ጠባይ እርሱ ነው ብዬ እናገራለሁ፣ አላውቅም ማለቱ ነውና። የሚያስፈራው ሰረዝ የሌለበት፣ ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ትርጉሙ ግን የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። የእርስዎ ቁርስ የተበላው እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ግልባጩን ሊያነቡት የሚገባው በፖስታ ላይ እንደ ተጻፈ አድራሻ ነው፤ ማን እንደ ደወለና በምን ጉዳይ እንደ ደወለ ለማወቅ ይበቃል፣ ፖስታውን ግን መክፈት ይኖርብዎታል። ቁጥር፣ ሰዓት፣ የመድኃኒት ስም ወይም «አይ» እና «አትብዪ» ዓይነት ማፍረሻ ሊኖርበት የሚችል መልእክት ከሆነ፣ ድምፁን ሳያዳምጡ ምንም አያድርጉ። አብዛኛው መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥምና በሁለት ንክኪ ያልቃል።

ከሕክምና ቦታ ለሚመጣው መልእክት ግን ከዚህም የሚሻል ነገር አለ፤ ክሊኒኩን ራሱን ማስለወጥ ይቻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ መዝጋቢዋን «መመሪያ ሲኖር በቴክስት ወይም በታካሚዎች ድረ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ላኩልኝ» ይበሏትና በፋይልዎ ላይ እንድታሰፍረው ያድርጉ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው አንባቢዎቻችን ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ ይወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ምዕራፍ ምክንያት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ቋንቋውን በደንብ የማይናገረውን ሰው እንዲሁ ሊያሰናብቱት አይገባም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግም አለ፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በእርሱ መሠረት ከሚያገለግሉባቸው ስድስት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እርስዎ ከወንዙ ማዶ፣ በቨርጂኒያ ስለሆኑ ይህኛው አይደርስዎትም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ስልክዎ የሚሠራበት የአይፎን ሶፍትዌር (አይኦኤስ) 17ኛው ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ ከሆነ «ላይቭ ቮይስሜይል» የሚባል አገልግሎት አለው፤ ደዋዩ መልእክቱን እየተናገረ ሳለ ጽሑፉ በማያው ላይ ይታያል፣ አስቸኳይ መስሎ ከታየዎት መካከል ላይ ስልኩን ማንሳት ይችላሉ። ለእርስዎ ሥራ ግን ትርፉ ትንሽ ነው፣ በሥራ ሰዓት ስልኩን አያዩትምና። እንዲያውም አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣል፤ ስልኩ በርቶ ኔትዎርክ ሲኖረው መልእክቱን ራሱ ይቀበላል፣ ሲጠፋ ወይም ኔትዎርክ ሲያጣ ደግሞ ጥሪው ወደ ስልክ ኩባንያዎ ሳጥን ይሄዳል። ሁለቱም የየራሳቸው የሰላምታ ድምፅ አላቸው፣ የግልባጩ ጥራትም ሊለያይ ይችላል። መዝጋት ከፈለጉ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ፎን» የሚለውን ከፍተው «ላይቭ ቮይስሜይል» ን ያጥፉ፤ በአይኦኤስ 18 «ፎን» የሚገኘው «አፕስ» በሚለው ሥር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የምመክረው፣ በእንግሊዝኛ ለሚመጡ መልእክቶች ብቻ፣ ጉግል ቮይስ ነው። የራሱን የስልክ ቁጥርና የመልእክት ሳጥን የሚሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ አሮጌ አገልግሎት ነው፤ በ2015 የግልባጩን አሠራር ከሥሩ ሲለውጥ ስሕተቱ በ49 በመቶ እንደ ቀነሰ ኩባንያው ገልጿል። አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ግለሰብ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ መልእክቱ ሲደርስ ግልባጩ በኢሜይል ይመጣልዎታል፤ በእረፍትዎ ኢሜይልዎን ሲከፍቱ ጽሑፉን ያነባሉ፣ ከሥሩ ያለውን ማያያዣ ነክተው ድምፁን ይሰማሉ፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን ኢሜይሉን ፈልገው ያገኙታል። እኔ ከግልባጩ ጥራት ይልቅ የምወድለት ይህን ነው። የስልክ ኩባንያዎች ሳጥን ውስጥ ያለ መልእክት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ ይጠፋል።

ይህን ለማድረግ የስልክ ቁጥርዎን ወደ ጉግል ማዛወር አያስፈልግዎትም፤ እንዲያውም እንዳያዛውሩ፣ 20 ዶላር ከማስከፈሉም ሌላ ከአሁኑ ኩባንያ ጋር ያለዎት መስመር ሊቋረጥ ይችላል። አዲስ የጉግል ቮይስ ቁጥር ይውሰዱና ያልተነሡ ጥሪዎች ብቻ ወደዚያ እንዲሄዱ ያድርጉ። በኤቲ ኤንድ ቲ እና በቲ ሞባይል መስመሮች ላይ እንደ ተራ ጥሪ ሁለት ኮከብ፣ 004፣ አንድ ኮከብ፣ ቀጥሎ 1 ና አዲሱን ቁጥር፣ በመጨረሻም የመሰላል ምልክቱን (#) አስገብተው ይደውላሉ፤ ለማፍረስ ሁለት መሰላል፣ 004፣ አንድ መሰላል ነው። በቬራይዘን ኮከብ 71 ን አስቀድመው ቁጥሩን ይደውላሉ፣ ለማፍረስ ኮከብ 73። ከዚያ በፊት ላይቭ ቮይስሜይልን ያጥፉ፤ ስልኩ ራሱ ቀድሞ ጥሪውን ከተቀበለ ለጉግል የሚተርፍ ነገር አይኖርም። በጉግል ቮይስ ውስጥም ጥሪው ወደ ስልክዎ እንዳይመለስ ከስልክ ቁጥርዎ ጋር ያለውን ማያያዣ ዘግተው «ዱ ኖት ዲስተርብ» (አትረብሹኝ) ን ያብሩ፣ አለዚያ ጥሪው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ደዋዩ ይሰለቻል። ርካሽ የቅድመ ክፍያ መስመር ያላቸው ሰዎች ኮዱን ሲደውሉ እምቢ ሊላቸው ይችላል፤ አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ይህን ዓይነት ማዛወር አይፈቅዱም። ቁጥሩም ለብዙ ወራት ሳይሠራበት ከቆየ ሊወሰድ ስለሚችል አልፎ አልፎ ይጠቀሙበት።

ወደ እናትዎ እንምጣ። እዚህ ላይ ምንም ያህል ቢለፉ ስልክዎን አያስተካክሉትም። የአይፎኑም ሆነ የጉግል ቮይሱ ገልባጭ አማርኛን እየሰማ እንዳለ አያውቅም፤ የተነገረው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚነሣ፣ ለሰማው ድምፅ የሚቀርበውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገቡ ያወጣል። «ሰላም» ን የሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ «ሳላሚ» ነው፤ እንጀራ በወጥ የማያውቅ ሰው ምግቡን በሚያውቀው ስም ቢጠራ አይፈረድበትም።

የአማርኛ የድምፅ ጽሕፈት ከነጭራሹ የለም ማለት ግን አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2017 በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ላይ አማርኛን ጨምሯል፤ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል የጽሕፈት ገበታ ያለው ሰው አማርኛን መርጦ፣ ማይክሮፎኑን ነክቶ ሲናገር ጽሑፉ በፊደላችን ይወጣል። በቤት ውስጥ ሞክረነዋል። የእናትን ዓይነት መልእክት በአንድ ስልክ ስፒከር አጫውተን በሌላው ስልክ ስናስጽፍ፣ ረጋ ያለው ክፍል በሚያስደንቅ ሁኔታ ወጣ፤ የሰው ስምና የሠፈር ስም ሲመጣ ግን ተንገዳገደ፣ ተናጋሪዋ ትንፋሽ ስትወስድም ጽሕፈቱ በመካከል ቆመ። በጠባቡ የስልክ መስመር ያለፈ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛው የባሰ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በአንዲት የ«ጠ» ፍንዳታ ነውና፣ መስመሩ ያንን ፍንዳታ ካለዘበው «አባትሽ መጣ» የተባለው «አባትሽ መታ» ሆኖ ይደርሳል።

እንግዲህ የእኔ ምክር አማርኛውን ከቮይስሜይል ማውጣት ነው። እናትዎ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ካላቸው፣ ማይክሮፎኑን ተጭነው ይናገሩና ይላኩልዎት። ድምፁ በስልኩ ላይ ተቀርጾ በኢንተርኔት ስለሚላክ ያ ጠባብ መስመር አያገኘውም፤ ንግግሩ ይጠራል፣ መልእክቱም ከውይይታችሁ ጋር ይቀመጣል። አገር ቤት ቮይስሜይል ብዙም ስላልተለመደ ሰዉ ሁሉ ወይ ሚስኮል ያደርጋል ወይ በቴሌግራም ድምፅ ይልካል፤ እናትዎም ከቢፕ ድምፅ በኋላ ለማሽን ከመናገር ይህኛው እንደሚቀልላቸው አልጠራጠርም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት እንደሚጀምር አስታውቋል፣ ነገር ግን በአማርኛ ይጽፍልኛል ብለው አይጠብቁ፤ ማዳመጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገ አማርኛውን አሳምሮ የሚጽፍ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ማሽን ቢመጣ እንኳ «በስምንት ሰዓት ደውዪልኝ» ያሉትን እናት ምን ያደርጋቸዋል? ቃል በቃል ከተረጎመው ስምንት ሰዓት ይላል፤ እርሳቸው ያሉት ግን ከሰዓት በኋላ 2፡00 ነው፣ ያውም በሲያትል አቆጣጠር፣ በእርስዎ ዘንድ 5፡00 ሲሆን። እንዲህ ያለውን ልጅ እንጂ ማሽን አይፈታውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ትንሽ የሒሳብ አያያዝ ቢሮ አለኝ። ደንበኞቼ በቮይስሜይል የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራቸውን ሳይቀር ይተዉልኛል። ይህ ሁሉ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የሚያዳምጠው ሰው አለን?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ስፒንቮክስ የሚባል የብሪታንያ ኩባንያ የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ በመለወጥ ገናና ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢቢሲ ባወጣው ዘገባ መልእክቶቹን በባሕር ማዶ የጥሪ ማዕከላት ውስጥ የተቀጠሩ ሰዎች እያዳመጡ ይጽፏቸው እንደ ነበር አጋለጠ። ኩባንያው የሰው እጅ የሚገባው ማሽኑ ሲቸገር ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ለሌላ ድርጅት ተሸጠ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አይፎን ግልባጩን የሚሠራው በስልኩ ውስጥ ነው፤ የዋትስአፑም እንዲሁ። የጉግል ቮይስ መልእክት ግን በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ነው የሚቀመጠውም የሚገለበጠውም። አይፎንዎ ከግልባጩ ሥር «ይህ ጠቅሞሃልን?» የሚል ጥያቄ ሲያመጣና ቅጂውን ለማሻሻያ እንዲልኩለት ሲጠይቅዎ እሺ ካሉ ግን ድምፁ ከስልክዎ ይወጣል፤ በእርስዎ ሙያ ላይ ያለ ሰው እሺ ማለት የለበትም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግልባጩ በኢሜይል ሲመጣ የደንበኛዎ ቁጥር በኢሜይልዎ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ያውም ከዘጠኙ አኃዝ አንዱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የሰላምታ ድምፅዎን ዛሬውኑ ይለውጡት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም «እባክዎ ስምዎንና የስልክ ቁጥርዎን ብቻ፣ ቁጥሩን ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ይተዉ፤ የማኅበራዊ ዋስትናም ሆነ የባንክ ቁጥር አይተዉ» ይበሉ። ሁለት ጊዜ የተነገረ ቁጥር ማሽኑ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው፣ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስሕተት እንዳለ በዐይንዎ ያዩታል። የመልእክት ሳጥኑንም የይለፍ ቁጥር ይለውጡ፤ 1234 ወይም የስልክ ቁጥርዎ የመጨረሻ አራት አኃዝ ከሆነ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የታክሲ ሾፌር ነኝ፣ ዳላስ። ሰዎች «ሳጥንህ ሞልቷል ይለናል» ይሉኛል፤ እኔ ግን መልእክቶቼን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ስልኬ አይፎን ነው።

መልስ፦ ያጠፏቸው መልእክቶች ገና አልጠፉም። በቮይስሜይል ዝርዝሩ መጨረሻ ድረስ ወደ ታች ይውረዱ፤ «ዲሊትድ ሜሴጅስ» የሚል ያገኛሉ። ከፍተው «ክሊር ኦል» ን ይንኩ። ከመንካትዎ በፊት ግን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው፤ የዘመድ ድምፅ ያለበትና ሊያስቀሩት የሚፈልጉት ካለ መልሰው ያውጡትና የማጋሪያ ምልክቱን ነክተው «ፋይልስ» ውስጥ ያስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ያጸዱ።